ከሰል በበርሜል፦ ከኅዳር እስከ ፋሲካ የያዝኩት የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር 8፣ 2017 ዓ.ም.

ትናንት ቢሾፍቱ ገበያ ሁለት ማዳበሪያ ከሰል ገዛሁ፤ አንዱ 1,200 ብር። ዛሬ እሑድ እንግዶች ስለነበሩ ጓሮ ላይ የበግ ጎድንና ዝልዝል በፍርግርግ ጠበስን። ሥጋው መረረ። ጥሩው የፍም ጠረን አይደለም፤ ዓይን የሚያስለቅስ፣ ምላስ ላይ የሚቀር የጭስ ምሬት ነው። ማንደጃውን ስቆሰቁስ ጫፍና ጫፋቸው ጥቁር፣ መኻላቸው ቡናማ የሆኑ ሦስት ጉማጆች አወጣሁ። እንጨት ናቸው፤ ጨርሰው አልከሰሉም።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ያልተነካውን ሁለተኛ ማዳበሪያ መዘንኩት፦ 31 ኪሎ። ሸራ ላይ ዘርግፌ በእጄ ለየሁት። ከጡጫ የሚተልቀው 14 ኪሎ። ለቡና ማንደጃ የሚሆን ደቀቅ ያለው 9 ኪሎ። ብናኝ፣ አፈርና ጠጠር 5 ኪሎ። ያልከሰለ እንጨት 3 ኪሎ። ስገዛ የታየኝ አናቱ ላይ የተደረደረው ትልልቁ ብቻ ነበር። 1,200 ብር ለ23 ኪሎ ሲካፈል ኪሎው 52 ብር ገደማ ይመጣል።

ግቢያችን ውስጥ ነሐሴ ላይ ነፋስ የገነጠለው የግራር ቅርንጫፍ እንደወደቀ ተኝቷል፤ ሥሩ ላይ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ይወፍራል። አጥሩን እየገፉ ያሉ ሁለት ግራቪሊያዎችም መቆረጣቸው አይቀርም። ለማገዶ ልሰጣቸው ነበር። አሁን ራሴ ላከስላቸው ወስኛለሁ።

ኅዳር 14

ባለ መጋዙ መጥቶ ግራቪሊያዎቹን ጣለ፣ ግራሩንም ቆራረጠ። ለእሱ የከፈልኩትን እዚህ ሒሳብ ውስጥ አላስገባም፤ ለአጥሩ ስል ያው የሚከፈል ነበር። ርዝመቱን በ30 ሴንቲ ሜትር አስቆረጥኩ፤ ከዚያ በመጥረቢያ የእጅ አንጓ እስኪያህል ፈለጥን። ሲደክመን ጊዜ የመጨረሻዎቹን የጭን ያህል ወፍራም አድርገን ተውናቸው። የግራሩ ቅርፊት በቀላሉ ይላቀቃል፤ የተላቀቀውን ሁሉ አነሳሁ። ቅርፊት አመዱን ያበዛል፣ ፍሙም ይንጣጣል።

እርጥበቱን ለማወቅ ከእያንዳንዱ ዛፍ 200 ግራም ስስ ቁራጭ ወስጄ፣ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም በዳቦ መጋገሪያ ኦቭን በዝቅተኛ ሙቀት አደረቅኩት። የግራሩ 138 ግራም ላይ ቆመ፤ ማለት 31 በመቶው ውኃ ነበር። የግራቪሊያው 104 ግራም፤ 48 በመቶ። ግማሹ ውኃ ነው። ግራቪሊያው እስከ የካቲት ይቆያል።

ከግራሩ አንዱን ፍልጥ በቀይ ቀለም ምልክት አድርጌ ክምሩ መኻል አስገባሁት። ዛሬ 2,340 ግራም ነው። እሱን እየመዘንኩ የክምሩን ድርቀት እከታተላለሁ።

ኅዳር 20

እንጨቱ እስኪደርቅ የገበያውን ከሰል ላወዳድር ብዬ አራት ዓይነት ገዛሁ። የነቢያት ጾም ስለገባ ሥጋ የለም፤ መፈተኛው ውኃ ሆነ። አንድ ኪሎ ከሰል፣ ያው አንድ ማንደጃ፣ ያው ክዳን የሌለው ድስት፣ 2 ሊትር ውኃ። ሰዓቱን መያዝ የጀመርኩት ፍሙ ላዩ አመድ ሲለብስ ነው። ቢሾፍቱ ከባሕር ጠለል 1,900 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ውኃው የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው፤ ቆላ ላይ የሚሞክር ሰው ቁጥሩ ከእኔ ይለያል።

የስምጥ ሸለቆ ግራር፦ በ17 ደቂቃ አፈላ፣ ፍሙ 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ቆየ።
ፕሮሶፒስ ከአፋር፦ 16 ደቂቃ፣ 1 ሰዓት ከ45።
ዲከረንስ (ገበሬ ለከሰል የሚተክለው ዛፍ) ከአዊ፦ 14 ደቂቃ፣ 1 ሰዓት ከ20።
ባሕር ዛፍ፦ 13 ደቂቃ፣ 1 ሰዓት ከ5፤ ሲቀጣጠል በጣም ይንጣጣል፣ ልብስ ይበሳል።

ይሄ የእኔ ማንደጃ ላይ የወጣ ነው። ለጥብስ ግን ያየሁት ግልጽ ነው። ከባድ እንጨት ከባድ ከሰል ይወጣዋል፤ ዘግይቶ ይያያዛል፣ ረጅም ይቆያል። ወፍራም ጎድን ለሚጠብስ ግራር ወይም ፕሮሶፒስ፣ ቶሎ ለሚነሳ ዝልዝል ወይም ለቡና ዲከረንስ ይበቃል።

ለመግዛት ከሆነ እኔ ከዛሬ ጀምሮ ዲከረንስና ፕሮሶፒስ ነው የምለው። ዲከረንስን አዊ ውስጥ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ላይ ገበሬው ራሱ ነው የሚተክለው። ችግኙን ጤፍ መኻል ያስቀምጠዋል፣ የመጀመሪያውን ዓመት ጤፉን ያጭዳል፣ በአራት በአምስት ዓመት ዛፉን ቆርጦ እዚያው ማሳው ላይ ያከስላል፣ መልሶ ይተክላል። አሁን ዋግ ገብቶበት ብዙ ሰው ተጎድቷል እንጂ አካሄዱ የሚያኮራ ነው። ፕሮሶፒስም ቢሆን የአፋርን ግጦሽ የወረረ ዛፍ ነው፤ ቢቆረጥ ከብቱም ሰውም ይጠቀማል። የስምጥ ሸለቆውን ግራር ግን ማንም አልተከለውም፤ የሚተካውም የለም። የሞጆ–ዝዋይን መንገድ በልጅነቴ አውቀዋለሁ። ያኔ ጥላ የነበረበት ቦታ ዛሬ ማዳበሪያ ተደርድሮበታል።

ሻጩ ስሙን ቢነግራችሁም ባይነግራችሁም፣ ሁለት ቁራጭ አንስታችሁ አጋጩ። በደንብ የከሰለ እንደ ሸክላ ስባሪ ቅልጭ ያለ ድምፅ ይሰጣል። ያልበሰለው ወይም ውኃ የጠጣው ዱብ ይላል። ከዚያ ስበሩት። ስብራቱ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ከሆነና የዛፉ ቀለበት በዓይን የሚቆጠር ከሆነ ጥሩ ነው፤ ቡናማ ካያችሁ ተዉት። ሌላው፣ ማዳበሪያውን ከአናቱ አትዩት። ሥሩን በእጃችሁ ጨምቁት፤ እንደ አሸዋ ከፈሰሰ ብናኝ ነው። ክብደቱም ብቻውን አይታመንም፤ እርጥብ ከሰል ይከብዳል።

ኅዳር 27

በርሜል። ባለ 200 ሊትር፣ የምግብ ዘይት የነበረበት፣ 3,200 ብር። በርካሽ ቀለምና ኬሚካል የነበረባቸው ነበሩ፤ ምግብ ለሚጠበስበት ነገር አልወሰድኳቸውም።

ብየዳ ቤት ወስጄ አናቱ ይቆረጥልኝ ስል ባለሙያው መጀመሪያ ውኃ ሙላው አለኝ። «ባዶ በርሜል በግራይንደር አይነካም፤ ውስጡ የቀረው ትነት ብልጭታ ሲያገኝ ይፈነዳል» አለ። አፉ ድረስ ሞላነው፣ ቆረጠው፣ ውኃውን ደፋን። ይሄን ሳላውቅ ቤቴ ልቆርጠው ነበር። ሥሩ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው አምስት ቀዳዳዎች፣ ለአናቱ ከላሜራ የተሠራ እጀታ ያለው ክዳን። ቁረጣና ብየዳው 1,100 ብር፣ ሁለት የግራይንደር ዲስክ 360፣ የቆዳ ጓንት 450።

ባዶውን በጭራሮ ሞልቼ አንድ ጊዜ አነደድኩት፤ የውጪው ቀለምና የውስጡ ቅባት ተቃጥሎ ወጣ።

ታኅሣሥ 5

የመጀመሪያው ማክሰል። ከሸፈ።

የምልክቷ ፍልጥ 2,190 ግራም፤ ማለት አሁንም 26 በመቶ ውኃ አለ። መጠበቅ ነበረብኝ፣ አልጠበቅኩም። በርሜሉን በሦስት ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩ፣ 64 ኪሎ ግራር በቁሙ ደረደርኩ፣ መኻሉን ክፍት ትቼ ጭራሮ ጨመርኩበት። ከቀኑ 8 ሰዓት ለኮስኩ። ነፋስ ነበር።

ለአንድ ሰዓት ተኩል የወጣው ነጭ ወፍራም ጭስ እንደ ዳመና ነው። 64 ኪሎው ውስጥ ወደ 17 ሊትር የሚጠጋ ውኃ አለ፤ ያንን ለማትነን የሚነደው ያው ከሰል ይሆናል ያልኩት እንጨት ነው። ነፋሱ በአንድ በኩል ባሉት ቀዳዳዎች እየገባ ያንኛውን ጎን አመድ አደረገው፣ ሌላው ጎን ጥሬ ቀረ። ጭሱ በሙሉ ጎረቤታችን እትዬ አጥር ላይ ያሰጡት አንሶላ ላይ ተኛ።

11 ሰዓት ተኩል ላይ ቀዳዳዎቹን በአፈር ደፈንኩ፣ ክዳኑን ጫንኩ። ምሽት 4 ሰዓት ላይ በርሜሉ ለብ ያለ መሰለኝና ከፈትኩት። ወዲያው ውስጡ ቀላ፣ ከዚያ ነደደ። ደንግጬ ውኃ ደፋሁበት። ትልልቁ ከሰል ውኃው ሲነካው እየተሰነጠቀ ፈረሰ፣ ቀሪው የአመድ ጭቃ ሆነ።

ውጤት፦ 5.5 ኪሎ ከሰል፣ 14 ኪሎ ጥሬ እንጨት። ጥሬ የቀሩት በአብዛኛው እነዚያ የጭን ያህል ወፍራም አድርገን የተውናቸው ናቸው።

ታኅሣሥ 6

ጠዋት እትዬ ዘንድ ይቅርታ ለመጠየቅ ሄድኩ። አንሶላዎቹን እንደገና አጥበው እያሰጡ ነበር። ቆጡኝ፤ መቆጣትም ይገባቸዋል። ከዚያ ግን ምን እንዳደረግኩ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። አባታቸው አገር ቤት በአፈር ክምር ያከስሉ ነበር።

«የኔ ልጅ፣ ከሰል በከሰዓት ነፋስ አይለኮስም። ጎህ ሲቀድ ትለኩሰዋለህ፣ ነፋሱ ሳይነሳ ትደፍነዋለህ።»

መቼ ነው የሚደፈነው ስላቸው፣ «ጭሱ እንደ ነጠላ ሲሳሳ» አሉኝ። መቼ ነው የሚከፈተው ስላቸው ደግሞ፣ «ሙቀቱ እንዳያታልልህ። በማግስቱ እጅህን አስደግፈህበት እንደ እንስራ ሲቀዘቅዝህ ነው» አሉ።

ክዳኑን በምን እንደምመርገውም ነገሩኝ፦ ጭቃ፣ ጭድና አመድ አብሮ ተቦክቶ። ጭቃው ብቻውን ከሆነ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ አየር ይገባል። ሁለት ሳሙና ወስጄ ሰጠኋቸው፤ ከዚህ በኋላ የማክሰሉን ቀን ሁሌም ከዋዜማው እነግራቸዋለሁ።

ታኅሣሥ 26

ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ። የምልክቷ ፍልጥ 1,975 ግራም፣ 18 በመቶ ውኃ። ወፍራሞቹን እንደገና ፈለጥኳቸው። 61 ኪሎ ጫንኩ።

ጠዋት 12 ሰዓት ከሩብ ለኮስኩ። ቅጠል አይንቀሳቀስም ነበር። የጭሱን ነገር በሰዓት ጻፍኩት፦

12፡40 ነጭ፣ ወፍራም። እጄን ሳሳልፍበት ይረጥባል፤ እንፋሎት ነው።
1፡30 ቢጫ የተቀላቀለበት፣ ዓይን የሚልጥ። ክዳኑን ጣት በሚያህል ክፍተት ጫንኩት። እንጨቱ 270፣ 280 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ራሱ ሙቀት መስጠት ይጀምራል፤ ከዚህ በኋላ አየር ማብዛት መጥፎ ነው። ከአምስቱ ቀዳዳዎች ሁለቱን ደፈንኩ።
2፡50 ጭሱ ቀነሰ፣ ሰማያዊ ሆነ።
3፡20 አጥሩ በጭሱ ውስጥ ይታየኛል። እንደ ነጠላ። ሁሉንም በአፈር ደፈንኩ፣ ክዳኑን በጭቃው መረግኩ። ነፋሱ 4 ሰዓት ላይ ተነሳ።

በጭቃው ላይ ሁለት ቦታ ክር የምታህል ጭስ አየሁ፤ በእርጥብ ጭቃ መረግኳቸው። ቀኑን ሙሉ እየተመላለስኩ አየሁት።

ማታ ብርድ ነበር። የግቢያችን ጥበቃ ከቡናው ማንደጃ ፍም በጣሳ ወደ ክፍሌ ልውሰድ አሉኝ። እምቢ ማለት ከበደኝ፣ ግን አልሰጠኋቸውም። «አባባ፣ ጭስ ስለሌለው ደኅና ይመስላል እንጂ መርዙ ሽታም የለው። ሰው ተኝቶ ሳለ ሳያስነሳው ነው የሚወስደው» አልኳቸው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ በደንብ ከከሰለ ከሰልም ይወጣል። በየክረምቱና በየጥቅምቱ በር ዘግተው ፍም ይዘው ያደሩ ሰዎች ሞት እንሰማለን። ተጨማሪ ብርድ ልብስ ሰጠኋቸው። የከሰል ነገር የምታነቡ ሁሉ፣ ከዚህ ማስታወሻ ሌላውን ብትረሱ ይህችን አትርሱ።

ታኅሣሥ 28

ከተደፈነ ሁለት ሌሊት አለፈው። እጄን አስደገፍኩበት፣ ቀዝቃዛ ነው። ጭቃውን ሰብሬ ከፈትኩ። ፍልጦቹ እንደደረደርኳቸው በቁማቸው ቆመዋል፣ ሁሉም ጥቁር፣ አጥረውና ቀጥነው። አንዱን አንስቼ በሌላው መታሁት። ቅልጭ አለ። ለብዙ ደቂቃ እያጋጨሁ ቆምኩ።

12.4 ኪሎ። ከ61 ኪሎ 20 በመቶ። ጥሬ የቀረው 2 ኪሎ ብቻ። በአፈር ክምር ከመቶ ኪሎ እንጨት የሚወጣው ከ10 እስከ 20 ኪሎ ነው፤ ጫፉ ላይ ደርሻለሁ። ወዲያው ማዳበሪያ ውስጥ አላስገባሁትም። አዲስ ከሰል አየር ሲያገኝ ሳይታሰብ ራሱ ሊያያዝ ስለሚችል፣ ከቤቱ ርቆ ሲሚንቶ ላይ ተዘርግቶ አደረ።

ታኅሣሥ 29

ገና። ጎድኑን በራሳችን ከሰል ጠበስን። ምሬት የለም። ለእትዬም አንድ ፌስታል ከሰል ልኬላቸዋለሁ።

አቀጣጠሉንም ቀየርኩ። በፌስታልና በላስቲክ ማቀጣጠል የለመድነው ሁላችንም ነን፤ የላስቲኩ ጭስ ሥጋው ላይ ያርፋል። ባለ 5 ኪሎ የቲማቲም ጣሳ ሁለቱን ጫፍ ከፍቼ፣ ሥሩ አጠገብ ሽቦ አቋርጬ፣ ጎኑን በምስማር በሳሁት። ከሥሩ ዘይት የነካ ወረቀት፣ ከላይ ከሰል። ማራገቢያ ሳያስፈልግ በ15 ደቂቃ ሙሉ ፍም ይሆናል። ወጪው ዜሮ።

ጥር 9

ጭሱ አሁንም ያሳስበኛል። ጎረቤት በእኔ ምክንያት በየወሩ መታጠን የለበትም። ስለዚህ ሌላ ዓይነት ልሞክር ነው፦ በርሜል በበርሜል ውስጥ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባለ 60 ሊትር ትንሽ በርሜል ውስጥ የሚከስለው እንጨት ይገባል፣ ክዳኑ ይጠብቃል፤ አየር የለም። ትንሹ በርሜል በትልቁ ውስጥ ጡብ ላይ ይቀመጥና ዙሪያውን ጭራሮና ቅርንጫፍ ይነድዳል። የውስጡ እንጨት ሲግል ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ በትንሹ በርሜል ሥር ባሉት ቀዳዳዎች ወጥቶ እሳቱ ውስጥ ይቃጠላል። ጭስ ይሆን የነበረው ማገዶ ይሆናል ማለት ነው።

ትንሹ በርሜል 1,400 ብር። በማጥበቂያ ቀለበት የሚዘጋ ክዳን አለው፤ የክዳኑን ጎማ አወጣሁት፣ ካልሆነ ይቃጠላል። ሥሩን በትራፓኖ 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ባላቸው ስምንት ቀዳዳዎች በሳሁ። ለትልቁ ክዳን የጭስ ማውጫ የሚሆን አንድ ሜትር ቱቦ ከቆርቆሮ አስጠቀለልኩ፣ 600 ብር።

ጥር 17

22 ኪሎ ግራር ውስጥ፣ 19 ኪሎ ጭራሮና ቅርንጫፍ ውጪ።

በ50 ደቂቃ አካባቢ ድምፁ ተቀየረ። እንደ ቡታጋዝ እሳት መጉረምረም ጀመረ። ጎንበስ ብዬ በቀዳዳው ሳይ ከትንሹ በርሜል ሥር ስምንት ቢጫ ምላሶች ወደ ጎን እየተወረወሩ ነው። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሰዓት ከሩብ ምንም ማገዶ አልጨመርኩም፤ ራሱን አነደደ። ከጭስ ማውጫው አናት ሙቀት ሲንቀጠቀጥ ብቻ ነው የሚታየው። እትዬ በአጥር በኩል «ጠፋብህ እንዴ?» አሉኝ።

ስህተቴ ቱቦው ነው። የቤት ጣሪያ ቆርቆሮ ዚንክ የተቀባ ነው። ሲግል ላዩ ወደ ቢጫነት ሄደ፣ ከዚያ ነጭ ዱቄት እያረገፈ መጣ። የዚንክ ጭስ የሚተነፍሰውን ሰው ትኩሳትና ማቅለሽለሽ ያመጣበታል፤ እኔም ማታ ራሴን አመመኝ። 600 ብሩ ባከነ። ጥቁር የብረት ቱቦ 950 ብር ገዝቼ አስበየድኩ።

ከሰሉ 6.8 ኪሎ። ከ22 ኪሎ 31 በመቶ ነው፤ በጣም ደስ ይላል። ግን ሒሳቡ በሐቅ ይሠራ ከተባለ የውጪውን 19 ኪሎ መጨመር አለብኝ፤ ያኔ 16 በመቶ ተኩል ይሆናል፣ ከታኅሣሡ ያነሰ። የዚህ ዘዴ ጥቅሙ ሌላ ነው፦ የሚነደው ከሰል የማይወጣው ጭራሮ ነው፣ ጥሬ እንጨት አይቀርም፣ ጎረቤት አይታጠንም።

ጥር 24

በአዲሱ ቱቦ። 21 ኪሎ ግራር፣ ውጪ 15 ኪሎ፤ 6.4 ኪሎ ከሰል ወጣ። ማገዶው የቀነሰው ቅርንጫፎቹን ቀጠን አድርጌ ስለቆረጥኳቸው ነው።

ምላሶቹ ሲጠፉ ማለቁ ነው። ያኔ የትልቁን ቀዳዳዎች ወዲያው መድፈን ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ በእነዚያው ስምንት ቀዳዳዎች አየር ወደ ውስጥ ይገባል። ዛሬ አሥር ደቂቃ ስለዘገየሁ ሥር ያሉት ሁለት ፍልጦች ጫፋቸው አመድ ሆነ።

የካቲት 8

ግራቪሊያው ደረሰ፤ ቁራጩን ስፈትሸው 17 በመቶ። እንጨቱ ቀላል ስለሆነ ያው በርሜል 17 ኪሎ ብቻ ያዘ። 4.6 ኪሎ ወጣ። ከሰሉ ለስላሳ ነው፣ በጣት ይደቅቃል፣ ቶሎ ይያያዛል፣ ቶሎ ያልቃል። ለቡና ይሁን። ለሥጋ ብዬ ሁለተኛ አላከስለውም።

የካቲት 16

ቅበላ። ሁለቱንም ጎን ለጎን ፈተንኩ። ግራቪሊያው ላይ ዝልዝሉ ጥሩ ነበር፣ ጎድኑ ሳይበስል ፍሙ አለቀ። ግራሩን በማንደጃው አንድ ወገን ከምሬ ሌላውን ወገን ባዶ ተውኩት፤ ጎድኑን መጀመሪያ ፍሙ ላይ አቅልቼ ወደ ባዶው ወገን አሸሸሁት። ስቡ ፍም ላይ እየተንጠባጠበ ያስነሳ የነበረው ነበልባል ቀረ፣ ሥጋው ውስጡ ድረስ በሰለ። የጥብስ ቅጠል ፍሙ ላይ ጣል ማድረግም ሞከርኩ፤ ከሽታው ይልቅ ምሬቱ በረታ፣ ሥጋው ላይ ማሸት ይሻላል። ከነገ ጀምሮ ሁለት ወር ሊሞላ አምስት ቀን የቀረው ጾም።

መጋቢት 20

ለፋሲካ የሚሆን 22 ኪሎ ግራር፤ 6.9 ኪሎ ከሰል ወጣ። በዚህ ጊዜ ምንም ነገር አልተበላሸም። የውኃውን ፈተና ደገምኩ፦ 15 ደቂቃ፣ ፍሙ 1 ሰዓት ከ55። ከገበያው ግራር በትንሹ ይበልጣል። ልዩነቱ የእጅ ብልኃት አይመስለኝም፤ ከሰሉ ዝናብ አላገኘውም፣ አፈርም የለበትም።

እንጨት ስፈልግ አንድ ጓደኛዬ አሮጌ የመብራት ምሰሶ ቁራጭ ላምጣልህ አለኝ። እንዳይበሰብስ መድኃኒት የጠጣ እንጨት ነው፤ ምግብ አጠገብ አይደርስም። ቀለም የተቀባ፣ ኮምፔንሳቶና ቺፕውድም እንደዚያው።

ሒሳብ እስከ ዛሬ። ትልቁ በርሜል 3,200፣ ትንሹ 1,400፣ ቁረጣና ብየዳ 1,100፣ ዲስክ 360፣ የባከነው ቱቦ 600፣ ጥቁሩ ቱቦ 950፣ ጓንት 450፤ ድምር 8,060 ብር። የወጣው ከሰል 42.6 ኪሎ። በገበያው 52 ብር ሲታሰብ 2,215 ብር። ወጪው እንዲመለስ 155 ኪሎ ማክሰል አለብኝ፤ በትንሹ በርሜል ከ20 ጊዜ በላይ። ጉልበቴን አልቆጠርኩም። ለብር ብሎ የሚጀምር ሰው ይህን አይቶ ይወስን።

ብናኙን 4 ኪሎ ያህል ሰብስቤ ከብስባሹ ጋር ቀላቅዬ ጎመን መደቡ ላይ በተንኩት። ውጤቱን ከክረምቱ በኋላ አያለሁ።

ሚያዝያ 12

ፋሲካ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዶሮው ተበላ፤ ጥብሱ ለቀኑ። ሰባት ሰው ነበርን፣ እትዬም መጡ። 2.5 ኪሎ ከሰል ለሦስት ሰዓት በቃ። ማንደጃው ሥር የቀረው አመድ አንድ እፍኝ አይሞላም፤ ነጭ ነው፣ ጥቁር ነጥብ የለበትም። እትዬ በጣታቸው ነክተው አዩትና ለልጅ ልጃቸው አሳዩት።

ሚያዝያ 18

ከግራሩ የቀረው 30 ኪሎ ገደማ ነው። ከአንድ የማውቀው ሰው ግቢ የወደቀ ሌላ ግራር አገኘሁ፤ ዛሬ ቆርጠን ፈለጥነው፣ ሁሉንም የእጅ አንጓ ያህል። ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ከመሬት አንድ ጡብ ከፍ አድርጌ ደረደርኩት። አዲሷ የምልክት ፍልጥ 2,870 ግራም። ክረምቱ ሳይገባ 20 በመቶ ካልደረሰች እስከ ጥቅምት ትቆያለች።